ቃሉን ከነጓዙ ያዢው

ልጄ፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ሥራ እንደ ጀመርሽ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እንግሊዝኛው እንደሚያስጨንቅሽም ነግረውኛል። አንቺ የቃላት ድሃ አይደለሽም፤ ተምረሽ፣ ተፈትነሽ፣ ዲግሪሽን ይዘሽ የወጣሽ ልጅ ነሽ። የሚያስቸግሩሽ ትንንሾቹ ናቸው፦ «ቱ»፣ «ፎር»፣ «ኦን»፣ «ዊዝ» የሚባሉት መስተዋድዶች፤ «ሚ»፣ «ሂም»፣ «ዜም» የሚባሉት ተውላጠ ስሞች፤ «ካን»፣ «ኩድ»፣ «መስት» የሚባሉት ሞዳል ግሶች። አንድ በአንድ ብትጠየቂ ሁሉንም ታውቂያቸዋለሽ። እንግዳው ፊትሽ ቆሞ መልስ ሲጠብቅ ግን ማን ቀድሞ ማን እንደሚከተል ይጠፋብሻል።

የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፤ የቀረው ሁሉ የእሱ ማብራሪያ ነው። እነዚህን ቃላት ለየብቻ አትሸምድጃቸው። መስተዋድዱን ከግሱ፣ ከተውላጠ ስሙና ከሞዳሉ ጋር፣ በሰው አፍ ውስጥ በሚገኙበት ሁኔታ አንድ ላይ ያዢያቸው። «ፎር ማለት ለ ማለት ነው» ብሎ የያዘ ሰው፣ «ጠብቁኝ» ለማለት ሲፈልግ «ዌይት ሚ» ይላል፤ አማርኛው ውስጥ «ለ» የለማ! «ኩድ ዩ ዌይት ፎር ሚ?» ብሎ በሙሉው የያዘ ሰው ግን «ፎር» ትምጣ አትምጣ ብሎ የሚያስብበት ጊዜ አያስፈልገውም።

ትምህርት ቤት ለየብቻ ነው ያስተማረሽ። አንድ ምዕራፍ ስለ ተውላጠ ስም፣ አንድ ምዕራፍ ስለ ሞዳል፣ ሌላ ምዕራፍ ስለ መስተዋድድ። እ.ኤ.አ. በ1985 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የሬይመንድ መርፊ «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» እንኳ ሞዳሎቹን ከመጽሐፉ ወገብ በፊት፣ መስተዋድዶቹን ወደ መጨረሻው ነው ያስቀመጣቸው። ለማስተማር መከፋፈሉ ግድ ነው፤ መጽሐፉም ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ካለሽ አትጣዪው። ይሁንና በምዕራፍ የሚናገር ሰው የለም። ሻንጣውን የሚያስቀምጥ እንግዳ በአንዲት ትንፋሽ ሞዳሉንም፣ ተውላጠ ስሙንም፣ መስተዋድዱንም ያወርድልሻል። ለዚህ ነው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመውን የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት የምወድልሽ፤ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ከነአማርኛው ያሳይሻል እንጂ በደረቁ «ይህ ማለት ይህ ነው» ብሎ አያልፍም።

አሁን ወደ ራስሽ ቋንቋ ተመለሺ። «ጠብቂልኝ» በይ። አንዲት ቃል ናት፤ ግን ምን እንደሚደረግም፣ ማን እንደሚያደርገውም፣ ለማን እንደሚደረግም ይዛለች። «ጠብቂ» ትእዛዙ ነው፤ «ል» ያው «ለ» ናት፤ «ኝ» ደግሞ እኔ ነኝ። አማርኛ ሁሉን ጠቅልሎ አንድ ጉርሻ ሲያደርገው፣ እንግሊዝኛ እያንዳንዱን ለብቻው ያቀርበዋል፦ «ኩድ ዩ ኪፕ ኢት ፎር ሚ?»። ተራውን ልብ በይ። ጥያቄ ሲሆን መጀመሪያ ሞዳሉ፣ ቀጥሎ አድራጊው፣ ቀጥሎ ዋናው ግስ፣ ቀጥሎ ዕቃው፣ በመጨረሻ መስተዋድዱና ተውላጠ ስሙ። ይህ ተራ አይናወጥም። ግሱን ለውጪው፣ ዕቃውን ለውጪው፣ ሰውየውን ለውጪው፤ ተራው ያው ነው። «ኩድ ዩ ብሪንግ ኢት ቱ አስ?» ብትዪ «ታመጡልናላችሁ?» ማለት ነው። «ካን አይ ቡክ ኢት ፎር ዩ?» ብትዪ «ላስይዝልዎት?» ማለት ነው።

አማርኛችን ከ«ል» ጋር «ብ» የምትባል ተቃራኒ አለችው። «ፈረደለት» ሲባል ሰውየው ረታ፤ «ፈረደበት» ሲባል ተረታ። እንግሊዝኛም ይህን ያውቃል፤ ለጥቅም ሲሆን «ፎር ሂም»፣ ለጉዳት ሲሆን ብዙ ጊዜ «ኦን ሂም» ወይም «አጌንስት ሂም» ይላል። እንግዳው እያነጋገርሽው ስልኩን ቢዘጋብሽ «ሂ ሃንግ አፕ ኦን ሚ» ትያለሽ። ሞባይልሽ ሥራ መሀል ባትሪው ቢያልቅብሽ «ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ» ነው። «ሂሳቡ በእኔ ነው» ስንል የምንለው «በ» ደግሞ እንግሊዝኛው ላይ እንዳለ ይገኛል፦ «ኢት ኢዝ ኦን ሚ»። ባለሥልጣን እንግዳ ጓደኞቹን ጋብዞ ይህን ቢልሽ ደረሰኙን ለማን እንደምትሰጪ ወዲያው ማወቅ አለብሽ።

ግን «ብኝ» ባየሽበት ሁሉ «ኦን ሚ» አትበዪ። «ቁልፌ ጠፋብኝ» የሚለው «አይ ሎስት ማይ ኪይ» ብቻ ነው፤ መስተዋድድ የለውም። ከዚህ በላይ የምትጠነቀቂበት ደግሞ ሐዘን ነው። «አባቴ ሞተብኝ» ብለን ልባችን ተሰብሮ የምንናገረውን በ«ዳይድ ኦን ሚ» ብታወጪው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጆሮ ላይ ቀልድ ወይም ወቀሳ ሊመስል ይችላል፤ ሰውየው መሞቱ ያስቸገረሽ ዓይነት። በሐዘን ጊዜ «አይ ሎስት ማይ ፋዘር» ይባላል። ማንኛው «ብኝ» መስተዋድድ እንደሚፈልግና ማንኛው እንደማይፈልግ የሚነግርሽ ሕግ የለም፤ የሚነግርሽ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ነው በሙሉው ያዢው ያልኩሽ።

አሁን ወደ ሞዳሎቹ እንለፍ። «መሄድ አለብኝ» ስንል ምን እያልን እንደሆነ አስበሽ ታውቂያለሽ? «ዕዳ አለብኝ» ከምንለው ጋር አንድ አሠራር ነው፤ መሄዱ በእኔ ላይ ተጭኗል። አማርኛ ግዴታን የሚናገረው በመስተዋድድና በተውላጠ ስም ነው፤ «ብኝ»፣ «ብሽ»፣ «ብን» እያለ። እንግሊዝኛ ግን ለግዴታ ራሱን የቻለ ቃል አቁሟል፦ «መስት» ወይም «ሃቭ ቱ»። በዚያ ላይ ሸክሙን የሚሸከመው ሰው እኛ ዘንድ ግሱ መጨረሻ ላይ ሲለጠፍ፣ እነሱ ዘንድ ዓረፍተ ነገሩን ይመራል፤ «አይ ሃቭ ቱ ጎ» ይላሉ። በዚህ ቦታ ተውላጠ ስሙ «ሚ» አይሆንም፤ «አይ» ነው። አማርኛው ውስጥ «ኝ» ስላለ «ሚ» ልትዪ ይከጅልሻል፤ አትታለዪ።

የዚህ ግስ አሉታ ደግሞ ወጥመድ አለበት። «መክፈል የለብዎትም» ብንል አማርኛው ሁለት ትርጉም ይይዛል፤ «መክፈል ግዴታ የለብዎትም» ወይም «መክፈል አይገባዎትም»፤ የትኛው እንደሆነ ከአነጋገሩና ከሁኔታው እንረዳለን። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ለይቷቸዋል። ቁርሱ ከክፍሉ ኪራይ ጋር የተጠቃለለ ከሆነ ለእንግዳው የምትዪው «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፔይ ፎር ኢት» ነው፤ ግዴታ የለብዎትም ማለት ነው። «ዩ መስንት ፔይ ፎር ኢት» ካልሽው ግን ከለከልሽው። ጉርሻ ሊሰጥሽ የፈለገ ደግ እንግዳ እጁን ከኪሱ ያወጣል። «መስት» እና «ሃቭ ቱ» በአዎንታ ጊዜ ጎረቤት ናቸው፤ በአሉታ ጊዜ አይተዋወቁም።

የሞዳሎቹን ሰዋስው በፍጥነት ልንገርሽና እንለፈው፤ ብዙውን ታውቂዋለሽ። ዋናዎቹ ዘጠኝ ናቸው፦ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ መስት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል፣ ዉድ። ለ«ሂ» እና ለ«ሺ» ብለው «ኤስ» አይጨምሩም። ከኋላቸው «ቱ» አያስከትሉም፤ «ካን ቱ ጎ» የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ተከታትለው አይቆሙም። እኛ «መምጣት ትችል ይሆናል» ብለን መቻሉንና ምናልባቱን እናደራርባለን፤ እንግሊዝኛ «ሜይ ካን» አይልም፤ መቻሉን በሌላ ቃል አዙሮ «ሺ ሜይ ቢ ኤብል ቱ ካም» ይላል። ይህን ያህል ይበቃሻል።

ረዘም አድርጌ የማቆይሽ መስተዋድዱ ግሱን ሲከተልና ሲቀር በሚሆነው ነገር ላይ ነው፤ እዚህ ላይ የአማርኛ ልማዳችን ያሳስተናል። «ስማኝ»፣ «ጠብቀኝ»፣ «አስረዳኝ»፣ «ንገረኝ»፣ «መልስልኝ» በአማርኛ ያን ያህል የሚለያዩ አይመስሉም። በእንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። «ሊስን» ያለ «ቱ» ሰው አይነካም፤ «ሊስን ቱ ሚ» ነው። «ዌይት» «ፎር»ን ይፈልጋል። «ኤክስፕሌይን» ዕቃውን በቀጥታ፣ ሰውየውን በ«ቱ» ይይዛል፤ «ኩድ ዩ ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ?» በይ እንጂ «ኤክስፕሌይን ሚ» አትበዪ። «ሰጀስት»፣ «ዲስክራይብ»፣ «ኢንትሮዲዩስ» እና «ሴይ» የሱ ዘመዶች ናቸው፤ ሰው ሲመጣ ሁሉም «ቱ» ይላሉ። «ቴል»፣ «አስክ» እና «አንሰር» ግን ሰውየውን ያለ መስተዋድድ ይይዙታል፤ «ቴል ሚ»፣ «አስክ ሂም»፣ «አንሰር ኸር»። «ቴል ቱ ሚ» ስህተት ነው፤ «ሴይ ሚ»ም ስህተት ነው።

በተቃራኒው አማርኛው «ስለ» ወይም «ጋር» ስላለው ብቻ እኛ ከራሳችን የምንጨምረው አለ። «ስለ ዋጋው ተወያየን» እንላለንና «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ «ዲስከስ» ግን «አባውት» አይፈልግም፣ «ዊ ካን ዲስከስ ኢት» ብቻ ነው። «ከእሱ ጋር ተጋባች» እንላለንና «ሺ ማሪድ ዊዝ ሂም» ይመጣብናል፤ ትክክሉ «ሺ ማሪድ ሂም» ነው። አንድ ግስ ስትማሪ «ይህ ግስ ሰውየውን በቀጥታ ነው የሚይዘው ወይስ በመስተዋድድ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን የምትጽፊው በሕግ መልክ ሳይሆን «ሚ» ወይም «ሂም» ያለበት አጭር ዓረፍተ ነገር አድርገሽ ነው።

ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣው ተውላጠ ስም ምንጊዜም የተደራጊው ነው፦ ሚ፣ ሂም፣ ኸር፣ አስ፣ ዜም። ብቻውን ሲሆን ማንም አይሳሳትም፤ «ፎር አይ» የሚል ሰው የለም። ስህተቱ የሚመጣው ሁለት ሰው ሲቆራኝ ነው። «ለሥራ ባልደረባዬና ለእኔ» ለማለት ብዙዎች፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑት ጭምር፣ «ፎር ማይ ኮሊግ ኤንድ አይ» ይላሉ፤ «አይ» የተማረ ሰው አነጋገር ይመስላቸዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሌላውን ሰው አውጥተሽ ዓረፍተ ነገሩን ለብቻሽ በዪው። «ፎር ሚ» ካልሽ፣ «ፎር ማይ ኮሊግ ኤንድ ሚ» ነው። «ቢትዊን» ላይም ይኸው ነው፤ «በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር» ስትዪ «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ» በይ።

ተውላጠ ስም የቃላቱን ቦታ የሚያስለውጥበት ሌላ ጊዜም አለ። «ተርን ኦፍ» ማጥፋት ነው፤ «መብራቱን አጥፋ» ሲባል «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ይቻላል፤ «አጥፋው» ሲባል ግን «ኢት» መሀል ገብታ «ተርን ኢት ኦፍ» ትላለች እንጂ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። «ፒክ አፕ»፣ «ዌክ አፕ»፣ «ኮል ባክ» የዚሁ ወገን ናቸው። «ከኤርፖርት ትወስዱኛላችሁ?» የሚለው «ኩድ ዩ ፒክ ሚ አፕ ፍሮም ዚ ኤርፖርት?» ነው፤ «መልሼ እደውልልዎታለሁ» ደግሞ «አይ ዊል ኮል ዩ ባክ»። «ሉክ አፍተር» እና «ሉክ ፎር» ግን አይከፈሉም፤ መንከባከብ «ሉክ አፍተር ሂም»፣ መፈለግ «ሉክ ፎር ሂም» ነው። ሁለቱን ወገን ለይቶ የሚያሳይሽ ተውላጠ ስሙ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ግስ ስትጽፊ ምንጊዜም «ኢት» ወይም «ሂም» ጨምረሽ ጻፊ፤ ቦታው አብሮ ይጠናልሻል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝን አሁን ልንገርሽ። «የምኖርበት ቤት» ስንል «በት» ምን ትሠራለች? ቤቱን ከመኖሩ ጋር ታያይዛለች፤ አውጥተሻት «የምኖር ቤት» ብትዪ አማርኛው ይሰበራል። ብዙ ተማሪ ግን በእንግሊዝኛ ይህንኑ ስብራት ሳያውቀው ይሠራል፤ «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ» ብሎ ያቆማል። «በት» የት ሄደች? «ኢን» ሆና መጨረሻ ላይ መቆም አለባት፦ «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ ኢን»። የተቀመጥኩበት ወንበር «ዘ ቼር አይ ሳት ኦን»፣ የምትተማመኝበት ሰው «ሰምዋን ዩ ካን ሪላይ ኦን»፣ አብሬው የምሠራው ሰው «ዘ ማን አይ ወርክ ዊዝ»። በአማርኛሽ «በት»፣ «ለት» ወይም «አብሬው» ካለ፣ እንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ መስተዋድድ ፈልጊ። ለጥያቄም ይሠራል፤ «ማንን እየጠበቁ ነው?» የሚለው «ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?» ነው፣ «ምን ልፈልግ?» የሚለው «ዋት ሹድ አይ ሉክ ፎር?»።

ሌላም አደጋ አለ። አማርኛ «ያነጋገርኩት ሰው» ሲል ሰውየውን በ«ት» አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠራዋል፤ ስለዚህ እኛ «ዘ ማን አይ ቶክድ ቱ ሂም» ልንል እንችላለን። እንግሊዝኛ እንዲህ አይደግምም። መስተዋድዱ ይቆያል፣ ተውላጠ ስሙ ይወጣል፤ «ዘ ማን አይ ቶክድ ቱ» ብቻ።

«ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ መጨረስ ነውር ነው» ብሎ የሚነግርሽ ሰው ሊገጥምሽ ይችላል፤ እኔንም እንዲህ ብለው አስተምረውኛል። ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። ገጣሚው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 የቤን ጆንሰንን ጽሑፍ ሲተች ይህን አጨራረስ እንደ ጉድለት ቆጠረበት። በ1762 ሮበርት ላውዝ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰው ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ፣ ልማዱ ለተራ ንግግር የሚስማማ መሆኑን ተቀብሎ፣ ለከበደ ጽሑፍ ግን መስተዋድዱን ማስቀደም ይሻላል አለ። የሚያስቀው ደግሞ፣ እንግሊዝኛ ወደዚህ ልማድ እንደሚያደላ የተናገረበትን ዓረፍተ ነገር ራሱ የጨረሰው በ«ቱ» ነው። በኋላ የመጣው ኤች. ደብልዩ. ፋውለር በ1926 ባወጣው የአነጋገር መዝገበ ቃላት ይህን እገዳ መሠረት የሌለው እምነት አድርጎ አጣጣለው። አንቺ እንግዳ ፊት ቆመሽ «ፎር ሁም አር ዩ ዌይቲንግ?» ብትዪ ሰዋስውሽ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት ቆሞ የሚመረምር ዳኛ ትመስይዋለሽ።

ወደ አክብሮት ልለፍ። ይህ ለሥራሽ ከሁሉ ይበልጣል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶች። እኛ አክብሮትን በተውላጠ ስምና በግስ እንናገራለን፤ «ተቀመጥ»፣ «ተቀመጪ»፣ «ይቀመጡ»። እንግሊዝኛ ይህ አልነበረውም ማለት አይደለም። ድሮ «ዛው» የሚሉት ለቅርብ ሰው የሚሆን ተውላጠ ስም ነበራቸው፤ በ1611 በታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ዛሬም ታገኚዋለሽ። ከዚያ በኋላ ከዕለት ንግግር እየጠፋ ሄደና «ዩ» ብቻ ቀረ፤ ሕፃኑም «ዩ»፣ አዛውንቱም «ዩ»፣ ሚኒስትሩም «ዩ»። «እርስዎ» ከተውላጠ ስሙ ውስጥ ከወጣ፣ አክብሮቱን ማን ይሸከመው? ብዙውን የተሸከሙት ሞዳሎቹ ናቸው።

ስለዚህ «ይጠብቁኝ» የሚለውን አክብሮት «ዌይት ፎር ሚ፣ ፕሊዝ» አያወጣውም፤ «ፕሊዝ» ትእዛዙን ያለሰልሰዋል እንጂ ከትእዛዝነት አያወጣውም። «ካን ዩ ዌይት ፎር ሚ?» ከጓደኛ ጋር ይሆናል። «ኩድ ዩ ዌይት ፎር ሚ?» ለማታውቂው ሰው ይሆናል። «ዉድ ዩ ማይንድ ዌይቲንግ ፎር ሚ?» ደግሞ ይበልጥ ትሑት ነው። ይህ የመጨረሻው መልሱ ያደናግራል፤ ቃል በቃል «መጠበቁ ይከፋዎታል?» ስለሆነ፣ ፈቃደኛ ሰው የሚመልሰው «ኖ፣ ኖት አት ኦል» ብሎ ነው። እንግዳ እንዲህ ሲጠይቅሽ «የስ» ብለሽ እንዳታስደነግጪው። «ዩ መስት ጊቭ ሚ ዩር ፓስፖርት» የሚለው ሰዋስዉ ፍጹም ነው፤ አነጋገሩ ግን የፖሊስ ነው። «ሜይ አይ ሃቭ ዩር ፓስፖርት?» ብትዪ ያው ፓስፖርት በፈገግታ ይመጣልሻል። አየሽ፣ ተውላጠ ስሙ ሳይቀር ቦታ ለወጠ፤ «አንተ ስጠኝ» የነበረው «እኔ ላግኝ?» ሆነ። ከ«ዩ» ወደ «አይ» መዞሩ ራሱ አክብሮት ነው።

መስተዋድዱም የአክብሮት ድርሻ አለው። እንግዳው ሲያማርር «አይ ዊል ቼክ» ከማለት «አይ ዊል ቼክ ዛት ፎር ዩ» በይ፤ በሁለት ትንንሽ ቃላት ሥራው ለእሱ ሲባል የሚሠራ ሆነ። «ፎር ዩ» የእኛ «ልዎት» ናት፤ «አየሁት»ና «አየሁልዎት» እንደሚለያዩት ያህል ይለያያሉ። ወዲያው የማትመልሺው ጥያቄ ሲመጣ «ካን አይ ጌት ባክ ቱ ዩ ኦን ዛት?» ትያለሽ። ቆጥረሽ ተመልከቻት፤ አንድ ሞዳል፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት መስተዋድድ በአንድ ትንፋሽ። በቃላቱ ፍቺ ልትገጣጥሚያት ብትሞክሪ አትገጥምልሽም፤ እንዳለች ብትይዢያት ግን ዕድሜ ልክሽን ታገለግልሻለች።

ስለ ጊዜና ቦታ አንድ ቃል ብቻ። አማርኛ በ«በ» የሚሸፍነውን እንግሊዝኛ ይከፋፍለዋል፤ ሰዓት «አት»፣ ቀን «ኦን»፣ ወር «ኢን»፤ ፎቅ «ኦን»፣ ክፍል «ኢን»። ከዚህ ጋር የሰዓታችንን አቆጣጠር አትርሺ። «በአንድ ሰዓት ቀስቅሱኝ» ያለሽ ያገራችን ሰው ጠዋት ከሆነ «አት ሴቨን» ማለቱ ነው፤ ለውጭ እንግዳ ደግሞ «አት ዋን» ማለት ሌሊት ወይም ከቀትር በኋላ ማለት ነው። መስተዋድዱን አስተካክለሽ ሰዓቱን ብትስቺ እንግዳው አውሮፕላን ያመልጠዋል።

በደብዳቤና በኢሜይል የሚያጋጥሙሽን ሁለት ነገሮች ጨምሬ ልጨርስ። አንደኛው «ቱ» ናት። አንዳንዴ መስተዋድድ ናት፣ አንዳንዴ የግስ ምልክት ናት። «አይ ዋንት ቱ ሚት ዩ» እንላለን፤ ግን «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚቲንግ ዩ» እንላለን። ለምን ተለያዩ? በተውላጠ ስም ፈትኛት። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ይባላል፤ ስለዚህ «ቱ» መስተዋድድ ናት፣ የሚከተላት ግስም «ኢንግ» ይዞ ይመጣል። «አይ ዋንት ቱ ኢት» አይባልም፤ ስለዚህ ተራው ግስ ይከተላል። በዚሁ ፈተና «አይ አም ዩዝድ ቱ ኢት» ስለሚባል «ለምጄዋለሁ» የሚለው «አይ አም ዩዝድ ቱ ወርኪንግ አት ናይት» ይሆናል፤ «ድሮ ሌሊት እሠራ ነበር» የሚለው ግን «አይ ዩዝድ ቱ ወርክ አት ናይት» ነው። የመጀመሪያውን ጽፈሽ ሁለተኛውን ማለትሽ ከሆነ አለቃሽ የሌሊት ተራ ይሰጥሻል።

ሁለተኛው «ኦፍ» የምትባለው መስተዋድድ ያለቦታዋ የምትገባበት ነው። «ማድረግ ነበረብን» ለማለት «ዊ ሹድ ሃቭ ደን ኢት» ይባላል። በንግግር «ሃቭ» ተጨፍልቃ «ሹዳቭ» ትሆንና «ኦፍ» ትመስላለች፤ እንግሊዞችና አሜሪካውያን ራሳቸው «ሹድ ኦፍ» ብለው ሲጽፉ ታያለሽ። ሞዳል መስተዋድድን በቀጥታ አያስከትልም፤ የሚያስከትለው ግስ ነው። እንግዳ ቢጽፈውም አንቺ አትጻፊው። በጆሮሽ ግን «ሃቭ» መሆኑን እወቂ፤ መሀል ላይ ያለች «ፎር»ና «ቱ»ም እንዲሁ ስለሚደበዝዙ፣ አልሰማኋቸውም ብለሽ የሉም አትበዪ። መጨረሻ ላይ ሲቆሙ ግን ጥርት ብለው ይሰማሉ፤ «ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?» ስትዪ «ፎር»ን አትዋጫት።

እንዴት ትለማመጃለሽ? አንዲት ትንሽ ደብተር ያዢ። በግራ ገጽ የምትፈልጊውን ነገር በአማርኛ፣ ሰው ለሰው እንደሚለው ጻፊ፦ «ያስረዱኝ»፣ «ላምጣልዎት?»፣ «የምቀመጥበት አለ?»፣ «መክፈል የለብዎትም»። በቀኝ ገጽ እንግዶች ወይም ልምድ ያላቸው ባልደረቦችሽ ያንኑ እንዴት እንደሚሉት ስትሰሚ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ቃል ለብቻው ከዚያ ደብተር አይግባ። ከዚያ ሰዎቹን ለዋውጪ፤ «ፎር ሚ» የነበረውን «ፎር ሂም»፣ «ፎር አስ»፣ «ፎር ዜም» አድርጊ። ሞዳሉንም ለዋውጪና «ካን» የነበረውን «ኩድ» ስታደርጊ ለማን እንደሚገባ አስቢ። ድምፅ አውጥተሽ በዪው፤ አፍ ያልለመደውን ዓይን ቢያውቀው ሲያስፈልግ አይደርስልሽም።

ብዙ አትጀምሪ። ነገ ወደ ሥራ ስትሄጂ ሦስቱን ብቻ ይዘሽ ሂጂ፦ «ሜይ አይ ሃቭ ዩር ፓስፖርት?»፣ «አይ ዊል ቼክ ዛት ፎር ዩ»፣ «ካን አይ ጌት ባክ ቱ ዩ ኦን ዛት?»። እነዚህ ሳታስቢባቸው የሚወጡ ሲሆኑ ሌላ ሦስት ጨምሪ።